ሐኪም ለወጋው ሰው ስድብ?

ሰሞኑን በአንድ የጤና ውይይት ላይ የቀረበ እንግዳ፣ ግብጻውያን በጉበት ካንሰር የሚያልቁት «ራሳቸውን ስለማይጠብቁ ነው» አለ። አወያዩ ዝም ብሎ አሳለፈው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ለመሆኑ ከምን ይጠብቁ? ከሐኪም መርፌ?

በአባይ ዴልታ ያለ ገበሬ የመስኖ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ከቀንድ አውጣ የምትወጣው የቢልሃርዚያ ትል በቆዳው ትገባለች፤ የሽንት ፊኛውን ለዓመታት ታቆስላለች። የግብጽ ወንዶችን ለአሥርት ዓመታት ከሁሉ በላይ ያጠቃው የሽንት ፊኛ ካንሰር የነበረው ለዚህ ነው። መንግሥት ትሉን ሊያጠፋ ዘመቻ ከፈተ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በየገጠሩ የአንቲሞኒ መድኃኒት በደም ስር ተወጋ። አንዱ መርፌ፣ በደንብ ሳይቀቀል፣ ለብዙ ሰው። በዚያ መርፌ ከሰው ወደ ሰው የተዛመተው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ገና ስም እንኳ አልነበረውም፤ ቫይረሱ የታወቀው በ1989 ነው። በ2008 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ካሉት ግብጻውያን ከ100 ወደ 15 የሚጠጉት ቫይረሱ ደማቸውን እንደነካ ታየ። ቫይረሱ ጉበት ውስጥ 20 እና 30 ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ከዚያ ጉበቱ ይጠጥራል፣ ካንሰሩ ይከተላል። በመርፌው ፋንታ ለቢልሃርዚያ የሚዋጠው ክኒን መጥቶ የፊኛው ካንሰር ሲቀንስ የጉበቱ ቦታውን ያዘ። የታመሙት እኮ «ኑ ተሰለፉ» ሲባሉ እሺ ብለው የተሰለፉት ናቸው!

ሲጋራም ሺሻም አለ፣ አልክድም። ግን ይህን ሁሉ ሲጋራ አላመጣውም።

እንግዳው የጡት ካንሰር የግብጽ ወጣት ሴቶችን የሚይዘውም «በቸልተኝነታቸው» ነው አለ። ሕዝቡ ወጣት ሲሆን ታማሚውም ወጣት ይሆናል፤ ሂሳቡ ይኸው ነው።

ደግሞስ ግድ የለሽ ሕዝብ በ2018 እና 2019 ያደረገውን ያደርጋል? በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ለምርመራ ወጣ። ያ መርፌ የበከለው ሕዝብ እንደገና ክንዱን ሰጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ግብጽን ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ የሰጣት በዚህ ሕዝብ ትከሻ ነው።

እንግዳው በሚቀጥለው ዝግጅት ቀርቦ ያለውን ያርም። ሲመለስም ስለሚጠቅመው ነገር ያውራ፦ ቫይረሱ ከደሙ ቢጠፋም ጉበቱ ቀድሞ የጠጠረበት ሰው ከካንሰሩ ገና አላመለጠም። በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መነሳት አለበት። ይህ ምርመራ በየገጠሩ እንዲደርሰው ይጠይቅለት።