«ለአገሩ አዲስ ነኝ» እዚያ አያድንም

እንግሊዝ አገር የሚማረው የአጎቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ደወለ። በብስክሌት ሲሄድ መንገድ የምታቋርጥ ሴትዮ ገጭቶ እጇን ሰብሯታል። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፣ እሱ ግን ልማድ ሆኖበት መታጠፊያው ላይ ቀኙን ይዟል። ከወር በኋላ «ካሳ ክፈል» የሚል የጠበቃ ደብዳቤ መጣለት። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። አክስቴ «ልጄን ሊያስሩብኝ ነው» አለች። አጎቴም የሚያውቀውን መከረ፦ «ደህና ሰው ፈልግና ሽማግሌ ላክባት።»

ሳቅሁ። ግን ጠባሴ ላይ ባጃጅ ሰው ሲገጭ እንዲሁ አይደል የሚያልቀው? ሹፌሩ ያሳክማል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ «እግዜር ያመጣው ነው» ተብሎ ይታረቃሉ። ለእኛ ጉዳት ወይ ወንጀል ነው ወይ አጋጣሚ፤ መሀል ላይ ያለውን፣ ማንንም ልጉዳ ሳትል በቸልተኝነትህ ብቻ ከኪስህ የምትከፍልበትን፣ እስር ቤት የሌለበትን ነገር ማንም አላስተማረንም። የፈረንጅ ነገር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የራሳችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ተጎጂውም በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት (ሽማግሌ ሲመላለስ ጊዜው እንዳያልፍብህ)።

ልጁ «ለአገሩ አዲስ ነኝ፣ በግራ መንዳት አልለመድኩም» ብሎ ሊጽፍላቸው ነበር። ጎሽ! የከሳሿን ጠበቃ ሥራ ሊያቀልለት። እኛ ጋ እንግዳ ይቅር ይባላል። እነሱ ጋ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስተኛ የመኪና መንዳት ልምምዷ ላይ የነበረች ሴት የመብራት ምሰሶ ገጭታ የአስተማሪዋ ጉልበት ተሰበረ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ጥንቃቄዋን የለካው በሠለጠነ ሹፌር ልክ ነው። ካሳው በግማሽ የቀነሰው አስተማሪውም መኪናውን አብሯት ይቆጣጠር ስለነበር እንጂ ተለማማጅ ናት ተብሎ አይደለም።

ያን ዕለት አስፋልት ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ መጠየቁም ሲያስጨንቀው ነበር። እሱስ አይጎዳውም፤ እ.ኤ.አ. የ2006 የካሳ ሕጋቸው ይቅርታ ማለት ብቻውን ጥፋትን ማመን አይደለም ይላል።

አክስቴ ስትሸኘው ሽሮና በርበሬ ሸክፋለታለች፣ ጠበልም አልቀረም። ኢንሹራንስ ግን ማናችንም ትዝ አላለንም። ደግነቱ የክፍሉን ዕቃ ሲያስመዘግብ የፈረመው ውል ውስጥ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል አንቀጽ ተገኘ። አሁን የኩባንያው ሰዎች ከጠበቃዋ ጋር እየተነጋገሩ ነው፤ እዚያም አብዛኛው ጉዳይ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል።

ይህን ለአጎቴ ሳስረዳው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና፣ «እና ሽማግሌ ተልኳል በለኛ» አለ።