ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ሸኚ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በገዛ ሞተር ሳይክሌ በሌብነት ስለመያዜ

ክቡርነትዎ በመካከል ከሌሉ በወሎ ምድር ሁለት ፖሊስ ጣቢያዎች ሰላምታ እንኳ እንደማይለዋወጡ ስለማውቅ፣ አቤቱታዬን በቀጥታ ለእርስዎ አቀርባለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ልጄን ከኋላ አፈናጥጬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወርድ፣ አንድ የጸጥታ አባል አስቆመኝና ሰሌዳዬን በእጁ ከያዘው ዝርዝር ጋር አመሳክሮ «ይህ ሞተር የተሰረቀ ነው፤ ውረድ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተሰርቆ ነበር። አመልካቹም እኔው ነበርሁ። ሞተሩ ከአራት ወር በኋላ በሌላ ጣቢያ ግቢ፣ ዶሮ መቀመጫው ላይ ዕንቁላል ጥላበት ተገኝቶ፣ ፈርሜ ከተረከብሁት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። የርክክቡን ወረቀት ባሳየው ገልብጦ ባዶውን ጀርባ ሲመረምር ቆየና «መገኘቱ ለእኛ በሸኚ ደብዳቤ አልደረሰንም» አለ። የስርቆቱ ወሬ ሌባው ሲነዳው ሳይደርስ እኔ ስነዳው ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በአቅራቢያው ባለ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት አስቀመጡን፤ የቢሮው ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱም ጊዜ ስለ ምሳ ነበር። «ወደዚያኛው ጣቢያ ይደውሉልኝ» ብዬ ብለምን «በስልክ አንሠራም» ተባልሁ። ልጄ በሹክሹክታ «አባዬ፣ ሞተሩ የማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? መዝገብ የከፈተ ጣቢያ መዝገቡን ሲዘጋ ለጎረቤቱ መንገር እንዴት ያቅተዋል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቃል የቀረበን አቤቱታ በጽሑፍ ማስፈርን ያዛል እንጂ አቤት ባዩን ፖስተኛ አድርጎ አይሾምም። የባቲ ሰኞ ገበያ የፍየል ዋጋ ምሳ ሳይበላ ኮምቦልቻ ይሰማል፤ የእኔ ንጽሕና ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መሻገር አቅቶታል።

ከዚህ በፊት አንዴ ያለ ቁጥር ወጥተው፣ አንዴ ማኅተምዎ ፊርማውን አልነካም ተብሎ ዳገቱን ያመላለሱኝን አላነሣም። ታሽገው ስለሚሰጡኝም በኪሴ ተሸክሜዎት እንኳ አንብቤዎት አላውቅም።

የሐሙሱን ጉዳይም የጨረሱት እርስዎ ነዎት፤ በሚኒባስ ወጥቼ፣ አስፈርሜ፣ ይዤዎት ስመለስ ሞተሩ ተለቀቀ። ሰሌዳዬ ግን ከዝርዝሩ አልተሰረዘም፤ ለሚቀጥለው ኬላ ሌላ ሸኚ እንዳጽፍ ተነግሮኛል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለላይኛው ጣቢያ
ለታችኛው ጣቢያ
(ሁለቱንም የማደርሰው እኔ ነኝ)