የማድ ማክስ መኪና ሱፐርቻርጀር፦ እርማት

«የማድ ማክስ ጥቁር ፎርድ ፋልከን ሾፌሩ ሲፈልግ በቁልፍ የሚያበራውና የሚያጠፋው ሱፐርቻርጀር ነበረው» ለሚለው አስተያየት ይህን እርማት ማቅረብ ተገቢ ነው። ሱፐርቻርጀር ጉልበት ለመጨመር ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው በዚያ የአውስትራሊያ ፊልም ከኮፈኑ በላይ ጎልቶ የሚታየው ዕቃ ለሞተሩ አየር የሚያቀብል ሳይሆን፣ ለቀረጻ ብቻ ቺንጋው በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲዞር የተደረገ ጌጥ ነበር።

ትዕይንቱ ማሳመኑ አይካድም፤ ቺንጋው ድንገት መዞር ይጀምራል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ መኪናው ይፈተለካል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነቱ ሱፐርቻርጀር አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ከላይ ስለሚቀመጥ፣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየርና ቤንዚን በሙሉ የግድ በውስጡ ባሉት ሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች በኩል ያልፋል፤ ዘንጎቹ ከቆሙ መተላለፊያውን ስለሚዘጉት፣ ሞተሩ በፊልሙ እንደምናየው ተረጋግቶ ሊሠራ ቀርቶ አየር አጥሮት ይታፈናል። በእውነተኛው ዓለም ቺንጋው ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጋር ስለሚያያዝ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ አብሮ ይዞራል።

ሐሳቡ ራሱ ግን ፈጠራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የተሠራው መርሴዲስ ኤስኤስኬ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ሥራ የሚጀምር ሱፐርቻርጀር ነበረው፤ እርሱ ግን አየሩን የሚገፋው ወደ ካርቡራተሩ ስለነበር፣ ሲቆም ሞተሩ አየር የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ተበጅቶለታል።

ከጌጡ በታች ያለው መኪና ግን፣ ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፣ ባለ 8 ሲሊንደርና 5.8 ሊትር ሞተር የተገጠመለት እውነተኛ የ1973 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ፋልከን ኤክስቢ ጂቲ ነው።