«ይጎትታል!» ላላችሁኝ ሁሉ

ወገን፣ ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፣ ዛሬ ይውጣልኝ። ከታች «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» ብላችሁ እንደምትጽፉ አውቃለሁ። ጻፉ፣ ለምጄዋለሁ።

አዳማ ላይ መኪና የገዛህ ቀን የሰፈሩ ጎታች ሆነህ ተመዝግበሃል ማለት ነው። የተበላሸ ባጃጅ ላንተ፣ የአክስት ሶፋ ላንተ፣ ገመድ ፍለጋ ሌሊት በር የሚያንኳኳው ሁሉ ወዳንተ። ይሁን። አሁን ግን ነገሩ አድጎ ተሳቢ ካፌ ላይ ደርሷል።

የሰፈራችን ልጆች ተሰባስበው አንድ ባለ ጎማ ካፌ አሠሩ። መስኮቱ ወደ ላይ ይከፈታል፣ በርገርም ቡናም ይሸጥበታል። ሥራ ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ያሳድገው። ችግሩ የመጣው «ማን ይጎትተው?» ሲባል ነው። ሁሉም ዞሮ የእኔን አሮጌ ኮሮላ አየ። በያጁ «ትጎትተዋለች» አለ። ጎረቤቱ «ትጎትተዋለች» አለ። መንጃ ፈቃድ የሌለው የአጎቴ ልጅ ሳይቀር «ኧረ አሳምራ!» አለ።

መጎተቷን ማን ጠየቃችሁ? ሜዳ ላይ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኗ እየሸተተም ቢሆን ትጎትታለች። እኔ የምጠይቀው ታቆመዋለች ወይ ነው! ኋላዋን ይዞ ሲወዘውዛት ትችለዋለች ወይ ነው! ይህን ስጠይቅ ሁሉም ሰው ስልኩን ማየት ይጀምራል።

«ስንት ይመዝናል?» አልኩ። በያጁ ጎማውን በጫማው መታ መታ አድርጎ «ከ500 ኪሎ አይበልጥም» አለኝ። በጫማ የሚመዘን ክብደት! ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2፣ ቁመቱም 2። ወለሉ፣ ጣሪያውና አራቱ ግድግዳ ሲደመር 32 ካሬ ይሆናል። ባለ 1.5 ሚሊ ላሜራ ደግሞ በካሬ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ላሜራው ብቻውን ከ370 ኪሎ በላይ ነው። የመስኮቱን ቀንሱለት፣ ግድ የለም። ቱቦላሬው፣ ጎማዎቹ፣ ፍሪጁ፣ ምድጃው፣ ጄኔሬተሩ፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹ ገና አልተቆጠሩም። ውሃም አለ፤ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ ውሃ ላይ ክርክር የለም። «የምድር ሚዛን ላይ እናውጣው» ስላቸው ሳቁብኝ። ለቀለም ያወጡትን ብር ብታዩ ግን ትደነግጣላችሁ። ቀለም ፎቶ ላይ ይታያላ!

እንግሊዞች ካራቫን የሚሉትን ተጎታች ቤት ከመኪናቸው ኋላ አስረው ሽርሽር መሄድ ይወዳሉ። እዚያ ለጀማሪ የሚመከረው የታወቀ ነው፦ ተጎታቹ ከነጭነቱ ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ አይለፍ። መኪናው የተሠራበት ፋብሪካ ከዚያ ያነሰ ከጻፈ ደግሞ የፋብሪካው ይከበራል። (የእኔ መኪና መመሪያ መጽሐፍ በጃፓንኛ ነው፤ ሥዕሎቹን አይቻለሁ።) ኮሮላዬን 1100 ኪሎ ብንላት 85 በመቶው 935 ኪሎ ነው። ያውም ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው! ፍሬን ለሌለው ተጎታች አውሮፓ ውስጥ ጣሪያው 750 ኪሎ ወይም የመኪናው ግማሽ ክብደት ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው ይያዛል። የእኔ ግማሽ 550 ኪሎ ነው። «ተሳቢው ፍሬን አለው?» ብዬ ስጠይቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «መኪናዋ ፍሬን አላት አይደል እንዴ?»

ይኼን ሰምቼ ዝም ልበል?

ከክብደቱ የባሰው ደግሞ አጫጫኑ ነው። የውሃ በርሜሉን የት አደረጉት? ከኋለኛው ግድግዳ ጋር። ጄኔሬተሩንስ? እሱንም ከኋላ፣ ድምፁ ደንበኛ እንዳይረብሽ። የአዳማ ባለ ጋሪ ይህን ቢያይ ፈረሱን አቁሞ ይስቅባቸው ነበር። ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ጋሪው ፈረሱን ወደ ላይ እንደሚያነሳው፣ ወደ ፊት ሲበዛ ደግሞ ጀርባውን እንደሚሰብረው ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ለካራቫን የሚባለውም ይኸው ነው፤ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው ከመኪናው ኋላ ተሳቢው የሚያያዝበት መንጠቆ ላይ ይረፍ። ለ1000 ኪሎ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ሲያንስ ተሳቢው ጭራውን መቁላት ይጀምራል፣ ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር ይብስበታል። መፍትሔው ከባድ ከባዱን ዕቃ ከጎማዎቹ አናት ላይ፣ ወለሉ ላይ ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው። በርሜሉንም ወይ መሙላት ወይ ባዶውን መውሰድ፤ ግማሽ ውሃ እየተንቦጫረቀ ተሳቢውን ያናውጠዋል። ይህ እኮ ሳንቲም አይጠይቅም! ጄኔሬተሩን አንሥቶ ማዛወር ነው!

መንጠቆው ላይ ያለችው የብረት ኳስ ጉዳይም አለች። የተሳቢው አፍ ለ50 ሚሊ የተሠራ ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዟት ኳስ 47.6 ሚሊ ናት። «ያው ናት፣ ገባች አይደል» ተባልኩ። መግባቷንማ ገባች። ጉድጓድ ላይ ዘለል ስትል መውጣቷ ነው እንጂ ያስጨነቀኝ። ሰንሰለት እንኳ እሰሩበት ብል «ኳስ እያለ ሰንሰለት ምን ያደርጋል?»

ደግሞ የት እንዳለን እንርሳ? አዳማ ነን ጎበዝ! አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ ብቻ 102 ተርባይን የተተከለው ለጌጥ አይደለም፣ ነፋሱ ታይቶ ነው። ለዚያ ነፋስ 6 ካሬ የላሜራ ግድግዳ በጎኑ ሰጥታችሁ፣ ከኋላ ደግሞ አይሱዙው እየበረረ ሲያልፋችሁ፣ ያቺ ትንሽ መኪና ምን እንድትሆን ነው የምትፈልጉት?

እምቢ አልኩ። ከዚያማ ስሜ ተቀየረ፤ «መኪና ሲገዛ ልቡ አበጠ»፣ «ስስታም»። እናቴ ድረስ ሄደው ከሰሱኝ።

እነሱ ግን የሰው ቪትዝ ለምነው ወደ ሶደሬ ወሰዱት። ቪዲዮውን ራሳቸው ናቸው የላኩልኝ። አዋሽ መልካሳ ሳይደርሱ ተሳቢው ግራ ቀኝ እየተላጋ፣ ውስጥ ያሉት እየሳቁ፣ አንዱ «ፍሬን ያዝ! ፍሬን ያዝ!» እያለ ይጮሃል። ተሳቢ ሲወዘወዝ ፍሬን መርገጥ አጥፎ ይገለብጣችኋል እኮ! ነዳጅ ጨምሮ ለማምለጥ መሞከርም ያው ነው። ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መሪውን ሳያወዛውዙ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ መታገሥ ነው። የሚነዳውን ልጅ ዕድል ረድቶት መንገዱ ሰፋ አለለት። ከቪዲዮው ሥር የጻፉልኝን ስሙ፦ «አየህ? ጎተተችው!»

በዚህ ነው እንግዲህ ደሜ የሚፈላው! ስላልሞታችሁ ልክ ነበራችሁ ማለት ነው?

አሁን ደግሞ አሰላ ሰርግ አለ፣ ካፌው ይሄዳል ተብሏል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ታልፋለች፣ አሰላ ከ2400 በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ ዳገቱን እየቃተታችሁ ትወጡታላችሁ፣ እሱስ ይሁን። መመለሻውን ነው የምፈራላችሁ። በ40 ስትሄዱ ፍሬኑ ሊገታው የሚገባው ጉልበት በ80 እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ያንን ሁሉ ቁልቁለት የቪትዝ ፍሬን ብቻውን ሊይዘው ነው? በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ ብዬ ጽፌላችኋለሁ፤ የሳቅ ምልክት መለሳችሁልኝ።

ሰንሰለት ከፈለጋችሁ ጋራዥ ውስጥ አለኝ፣ ኑና ውሰዱ። ሚዛን ላይ እናውጣው ካላችሁም ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ። መኪናዋን ግን እናቴንም ብትልኩ አልሰጥም። ከጠዋት ጀምሮ እየደወላችሁ ነው፣ አይቼዋለሁ። አላነሳም።