«እኔ ነኝ የምጠይቅሽ» ያለኝ ሰውዬ ማን ነው?

ገና አሁን መግባቴ ነው። እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንዲት መታጠፊያ አለች፣ ባለፈውም መኪናዬን ያስቆሙኝ እዚያ ነው። ዛሬም እዚያው ነው። ሰውዬው ከየት እንደመጣ ሳላይ መኪናዬ ፊት ድቅን አለ። አንፀባራቂ ሰደርያ ደርቧል። ከሥሩ ያለው የራሱ ሸሚዝ ነው። ኮፍያ የለ፣ ስም የለ፣ ቁጥር የለ። ፊሽካ ብቻ።

«መንጃ ፈቃድ!»

«እሺ እሰጥዎታለሁ። ከየትኛው ክፍል ነዎት? መታወቂያዎትን ማየት እችላለሁ?»

«እኔን ነው? እኔ ነኝ የምጠይቅሽ!»

እኔ «እርስዎ» እላለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይለኛል። ታላቄ ቢሆን እሺ። በግምት በአሥር ዓመት ታናሼ ነው! ጥፋቴ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሲጻፍ ታነቢዋለሽ።» ወይ ጉድ! ሲጻፍ ታነቢዋለሽ! ይቺ ቃል ናት ያንገበገበችኝ። ቅጣቱን ችዬ እከፍላለሁ። ጥፋቴን ሳላውቅ እንደ ልጅ ጥግ ይዤ መቆሜ ግን አልወጣልኝም።

ከኋላ ጡሩምባው ቀለጠ። እናቴ ከኋላ ወንበር «ተይ ልጄ፣ ስጪውና እንሂድ» ትላለች። አንድ መንገደኛ ደግሞ መስኮቴ ድረስ መጥቶ «እህቴ፣ ምን ያከራክርሻል፣ ሰደርያውን አታይም?» አለኝ። ኧረ በፈጠራችሁ! ሰደርያ ሥልጣን ነው እንዴ? ሰደርያ አስፋልት የሚሠራውም፣ መንገድ የሚጠርገውም፣ ብስክሌት የሚነዳውም ይለብሳል። ሁሉም ተነስተው ይጻፉብኝ?

ባለፈው እንኳ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው ያስቆመኝ። ስሄድ! የቆመ መኪና የሚቆጣጠር ሰው የምትሄደዋን መኪና «ፍጥነትሽ በዝቷል» ይላታል። በምን ለካው? በዓይኑ። ያን ቀን ዝም ብዬ ስለከፈልኩ ዛሬም ራሴ ላይ እበሽቃለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩን ሳነብ ነው የከረምኩት። በፈረንሳይም ፖሊስ ያልሆኑ የከተማ መንገድ ተቆጣጣሪዎች አሉ። ያላግባብ የቆመ መኪና ላይ ይጽፋሉ። እየሄደ ያለ ሰው አስቁሞ ቀይ መብራት ጥሰሃል ብሎ መጻፍ ግን የፖሊስ ሥራ ነው። እንጀራቸው እስከየት እንደሚደርስ ያውቃሉ። በእንግሊዝ የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ አሽከርካሪን የሚያስቆመው ፖሊስ የደንብ ልብስ የለበሰ መሆን አለበት ይላል። ካሊፎርኒያማ ባሰ። ዋና ሥራው ትራፊክ የሆነ ፖሊስ የሚለይ የደንብ ልብሱን ሳይለብስ ፍጥነት አልፈሃል ብሎ ቢይዝህ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክርብህ አይችልም።

የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም አለ። ትራፊክ የሚያስተናብር ሰው የሚሰጠው ትእዛዝ ከመብራቱም ከምልክቱም ይበልጣል። እሺ፣ ይብለጥ። እኔም የምታዘዝ ሰው ነኝ። ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ይህ ሰው ቀንም ሆነ ማታ ከሩቅ የሚለይ መሆን አለበት ተብሏል። እኔ ደግሞ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሜ አልለየሁትም። ጠይቄም አልነገረኝም።

መታወቂያ መጠየቅ ለምን እንደ ስድብ ይቆጠራል? እውነተኛዎቹ እኮ አይቆጡም። አንዷን ትራፊክ ፖሊስ አልረሳትም። ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ስሟን ነገረችኝ፣ ጥፋቴን በጣቷ አሳየችኝ፣ ከዚያ ጻፈችብኝ። አመስግኛት ነው የሄድኩት። ተቀጥቼ!

በመጨረሻ ሰጠሁት። እናቴ መድኃኒቷን የምትወስድበት ሰዓት አልፎ ነበር፣ ምን ላድርግ? ጽፎ በመስኮት ወረወረልኝ፤ ጭኔ ላይ ወደቀ።

ወረቀቱ አሁን ፊቴ ነው። ፊርማ አለ፣ አይነበብም። የጸሐፊው ስም የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነው። ጥፋት በሚለው ላይ የጻፋትን እናቴም እኔም አገላብጠን አየናት፣ አልገባችንም። «ታነቢዋለሽ» ብሎኝ ነበር እኮ!

ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲልኩኝ እንደሚውሉ አውቃለሁ። ስንት ልክፈል ብዬ አይደለም የምጀምረው። ይህን የጻፈው ማን ነው፣ እንዲጽፍስ የፈቀደለት ማን ነው? ይህን ሳይነግሩኝ አልከፍልም።