«ጌታ ነገረኝ» ከተባለ በኋላ ማን ይጠይቃል?

ታይታኒክ የሰመጠችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ነው። ዕለቱ ሰኞ ነበር። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ሳፈንቪል በምትባል የስዊዘርላንድ የፋብሪካ ሠራተኞች መንደር፣ አንድ የ25 ዓመት ፓስተር መድረክ ላይ ወጥቶ መርከቧን የስብከቱ ዋና ርዕስ አደረጋት። ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው፤ እሱስ ለምን ዝም ይላል? ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ይኸው ሰው ጀርመን አገር፣ ቦን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስብከት ሲያስተምር ያንን እሑድ እያነሣ በራሱ ይሳለቅ ነበር። ስብከቴም እንደ መርከቧ ግዙፍ ጉድ ሆኖ ወጣ ይላቸዋል ተማሪዎቹን። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳም ያው ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር ጦርነት፣ ጦርነት። በመጨረሻ አንዲት ሴት ቀረብ ብላ፣ እባክህ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ሌላ ነገር ስበክልን አለችው።

ፓስተሩ ካርል ባርት ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከፕሮቴስታንት የነገረ መለኮት ሊቃውንት መካከል የእሱን ያህል ያነጋገረ ጥቂት ነው። እዚህ ያነሣሁት ግን ለሊቅነቱ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ጥያቄ ዛሬ በየአዳራሹና በየስልካችን ላይ ስላለ ነው። ሰባኪ አፉን ሲከፍት የሚናገረውን ከየት አመጣው? ከዜናው? ከሌሊት ሕልሙ? ከገዛ ልቡ? ወይስ እኔም አንቺም ገልጠን ልናየው ከምንችለው መጽሐፍ?

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ሰሚው ሊያጣራው የማይችለው መገለጥ መድረክ ላይ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። እግዚአብሔር ዛሬ አይናገርም እያልኩ አይደለም። ሰው ጌታ በጸሎት አናገረኝ ቢለኝ ለምን ብዬ አልከራከረውም። ያንን ይዞ ሺህ ሰው ፊት ሲቆምና «እንዲህ አድርጉ» ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለ ስብከት ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ደፋሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1566 በታተመው ሁለተኛው የስዊስ የእምነት መግለጫ ውስጥ ይገኛል። የጻፈው የዙሪኩ የተሐድሶ መሪ ሃይንሪሽ ቡሊንገር ነው። የእግዚአብሔር ቃል ስብከት የእግዚአብሔር ቃል ነው ይላል። አለቀ። ይህን የሰማ ሰባኪ ደረቱን ቢነፋ አይገርምም። ግን አረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። የእግዚአብሔር ቃል የሆነው የሰባኪው ንግግር አይደለም፤ የቃሉ ስብከት ነው። ቡሊንገር ቀጥሎ የሚለው ደግሞ ይበልጥ ይቆነጥጣል። ሰባኪው ክፉና ኃጢአተኛ ቢሆን እንኳ ቃሉ እውነትነቱን አያጣም። ስለዚህ ሥልጣኑ ሰውየው ላይ አይደለም፤ ቅባቱም፣ ዝናውም፣ ሱፉም ላይ አይደለም። ዛሬ የምንሰማው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ቃሉ የሚታመነው ሰውየው «የተቀባ» ስለሆነ ነው።

ወደ ባርት እንመለስ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1914 ላይ 93 የጀርመን ምሁራን የአገራቸውን ጦርነት የሚከላከል መግለጫ አወጡ። ባርት የፈራሚዎቹን ስም ሲያነብ ክው አለ። አዶልፍ ፎን ሃርናክ አለበት። ዊልሄልም ሄርማን አለበት። የገዛ አስተማሪዎቹ ናቸው። ሄርማን ሰው እግዚአብሔርን የሚያገኘው በውስጣዊ ልምዱ ነው እያለ ያስተማረው መምህሩ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ጦርነቱን ራሱን እንደ መንፈሳዊ ልምድ የሚያወሩ ሞልተው ነበር። እንግዲህ ምን ትላቸዋለህ? የእግዚአብሔር ድምፅ የሚሰማው በልቤ ሙቀት ከሆነ፣ ልቡ በጦርነት የሞቀው ሰውስ ምን አጠፋ? እኔም በልቤ ሰማሁ ይልሃል። መልስ የለህም።

ይህ የጀርመኖች ብቻ ጣጣ አይመስለኝም። በእኛም አገር ጦርነት እግዚአብሔርን ከየወገኑ ጋር ያሰለፈ ስብከት ሰምተናል።

ባርት ከዚያ በኋላ የሮሜን መልእክት ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1922 ባቀረበው አንድ ንግግር የሰባኪን ጭንቀት በሦስት ዐረፍተ ነገር አስቀመጠው። ስለ እግዚአብሔር መናገር አለብን። ሰዎች ስለሆንን ግን ስለ እግዚአብሔር መናገር አንችልም። ግዴታችንንም አለመቻላችንንም አውቀን ክብሩን ለእሱ እንስጥ። እኔ ይህን ሐሳብ በጣም እወደዋለሁ። መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ቢያንስ ጉልበቱ ትንሽ ይንቀጥቀጥ ነው የሚለው። በኋላ ሲያብራራው የእግዚአብሔር ቃል ሦስት መልክ አለው አለ፦ በክርስቶስ የተገለጠው፣ በመጽሐፍ የተጻፈው፣ በጉባኤ የሚሰበከው። ሦስተኛው በሁለተኛው ይዳኛል፤ ሁለተኛው ስለ መጀመሪያው ይመሰክራል። ሰባኪው ተራ ሊዘል አይችልም።

ሐሳቡ በእሳት የተፈተነው ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ነው። «የጀርመን ክርስቲያኖች» የሚባለው እንቅስቃሴ እግዚአብሔር በሕዝባችን ታሪክና በዚህ መሪ በኩል እየተናገረን ነው አለ። አስቡት፤ ይህም «መገለጥ» ነው። ኖቬምበር 13 ቀን 1933 በበርሊን ስፖርት ቤተ መንግሥት በሺዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ራይንሆልድ ክራውዘ የተባለ ተናጋሪ ብሉይ ኪዳን ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ እስከ ማለት ደረሰ። አዲስ መገለጥ አለኝ የሚል ሰው ይዋል ይደር እንጂ መጽሐፉ ያስቸግረዋል።

በቀጣዩ ዓመት ሜይ ላይ ባርመን ከተማ የተሰበሰቡት አብያተ ክርስቲያናት መልስ ሰጡ። የባርመን መግለጫን በዋናነት የጻፈው ባርት ነው። ረቂቁን ሲያዘጋጅ ሁለቱ የሉተራን ባልደረቦቹ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው ነበር፤ እሱ ግን ጠንካራ ቡና እየጠጣና ሲጋር እያጨሰ ጨረሰው። ሉተራኖች ተኙ፣ ሪፎርምዶች (የእሱ የፕሮቴስታንት ወገን) ነቁ እያለ በኋላ ይቀልድ ነበር። የቡናን ነገር እኛ እናውቀዋለን። የመግለጫው የመጀመሪያ አንቀጽ የሚለው ይህን ነው፦ ልንሰማውና ልንታዘዘው የሚገባን አንዱ የእግዚአብሔር ቃል በመጻሕፍት የተመሰከረለት ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ከእሱ ሌላ ክስተት፣ ኃይል ወይም ሰው የእግዚአብሔር መገለጥ ሆኖ ሊሰበክ አይችልም።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ በጥቅስ ተደብቆ ከዘመኑ ጥያቄ መሸሽ ነው ይላል። እኔን ያሳመነኝ ግን ከመግለጫው በፊት የሆነ አንድ ስብከት ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 1933፣ የገና ዋዜማ ሳምንታት ላይ፣ ባርት ቦን ውስጥ ሮሜ 15፥5-13ን ይዞ ሰበከ። ክርስቶስ የመገረዝ አገልጋይ ሆነ የሚል ቃል አለበት። ባርት ሂትለርን አላነሣም፤ ጋዜጣም አላነበበም። ኢየሱስ አይሁዳዊ ነበር አለ፤ ጥቅሱ የሚለው ያንን ስለሆነ። ከሰሚዎቹ አንዳንዶቹ ተነሥተው ወጡ። ስለ መርከብ ሲሰበክ ማንም አይወጣም። የዕለቱን ክፍል በታማኝነት ስትሰብክ ግን አንዳንዴ ከዜናው ይልቅ ዘመኑን የሚነካው እሱ ይሆናል።

ደካማ ጎንም አለው፤ መደበቅ አያስፈልግም። የባርመን መግለጫ ስለ አይሁድ ስደት አንድም ቃል የለውም። ባርት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 በጻፈው ደብዳቤ ይህን ጉዳይ በዚያን ጊዜ ዋና ጉዳይ ባለማድረጌ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። ከስዊዘርላንዳዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ከኤሚል ብሩነር ጋርም ያለ ልክ ተጣልቷል። ብሩነር ከፍጥረትም ስለ እግዚአብሔር የሚታወቅ ነገር አለ ሲለው «አይሆንም!» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ ወረወረበት። ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ ብሎ የሚዘምር ሕዝብ ልጅ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ልቤ ወደ ብሩነር ያደላል።

አሁን ወደ እኛ ቤት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ችግር ጥንታዊ መላ አለ። ግጻዌ ይባላል። ለየዕለቱ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከሐዋርያት ሥራ፣ ከመዝሙረ ዳዊት ምስባኩ፣ ከዚያም ወንጌሉና ቅዳሴው ተለይቶ ተቀምጧል። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች እንኳ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ተብለው ስም አላቸው። ሰባኪው ዛሬ ልቤ የፈቀደውን ልናገር ቢል የተነበበው ወንጌል ፊቱ ቆሟል። ሰሚውም ሰምቶታል። አሁን አሁን በአንዳንድ ዐውደ ምሕረት የዕለቱ ወንጌል ተነብቦ ስብከቱ ሌላ ሰፈር ሲገኝ፣ ሰው ሳያውቀው የተወው ትልቅ ጥበቃ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በወንጌላውያኑ በኩል ግጻዌ የለም። ያለው መጽሐፍ ቅዱሱ በእያንዳንዱ ምእመን እጅ መሆኑ ነው። ይህም ትንሽ አይደለም። ግን በላይቭ የሚተላለፈውን ፕሮግራም እዩ። ጥቅስ አንዱ ይነበባል፤ ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋል፤ ከዚያ «ጌታ እንዲህ ይላል» ይጀምራል። ስም ይጠራል፣ ስልክ ቁጥር ይጠራል፣ ቪዛ ይታወጃል፣ ትዳር ይታወጃል። አሜን በሉ ይባላል። አሜን ይባላል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት በስልኳ ይህን እያየች የደመወዟን ግማሽ ብትልክ፣ በምን ታጣራው? ሰውየው ያየው እሱ ብቻ ያየውን ነው።

ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሚተርከውን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ግን አንድ ነገር እናልፋለን። በዚያ ታሪክ ውስጥ መልአክም አለ፣ የመንፈስ ድምፅም አለ። ሁለቱም የተናገሩት ለፊልጶስ ነው። ያሉትም አጭር ነው፦ ተነሥተህ ወደዚያ መንገድ ሂድ፤ ወደዚህ ሰረገላ ቅረብ። መገለጡ የሰባኪውን እግር አንቀሳቀሰ እንጂ የስብከቱን ይዘት አልሰጠውም። ይዘቱ ጃንደረባው ጭን ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የኢሳይያስ መጽሐፍ። ፊልጶስ ሲደርስ መልአክ አናግሮኝ ነው የመጣሁት ብሎ እንደጀመረ የሚናገር ቃል የለም። የጠየቀው፣ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ነው። ሰውየው የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት። ጃንደረባው እያንዳንዱን ቃል ከፊቱ ካለው ጽሑፍ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ከዚህ የበለጠ ነጻነት ለሰሚ ምን አለ?

ትንቢትን አትናቁ ተብሏል የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ጳውሎስ ብሏል። ቀጥሎ ግን ሁሉን ፈትኑ አለ። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይለዩ ብሎ ጻፈላቸው። ሌሎቹ የሚለዩበት ሥርዓት ያለው ጉባኤ የት ነው? ዘዳግም 18 ደግሞ ነቢይ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ካልሆነ በድፍረት ተናግሮታልና አትፍራው ይላል። እኛ ዘንድ ያልሆነው ይረሳል፤ ነቢዩ ወደ ሚቀጥለው ይሻገራል።

ስለዚህ ለአብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎችና ለኅብረቶቻቸው አንድ ቀላል ነገር እጠይቃለሁ። ከመድረክ «ጌታ እንዲህ ይላል» ተብሎ የሚነገር ሁሉ በቀኑና በተናጋሪው ስም ይመዝገብ። ቪዲዮው አይጥፋ። ተናጋሪው ገንዘብ ከጠየቀበት ያም ይጻፍ። በመስከረም የተሰጠው «የዓመቱ ቃል» ደግሞ በጳጉሜን ተናጋሪው ባለበት ለጉባኤው ይነበብ።