የስምንቱ ካሴቶች ሽምግልና

ደሴ ላይ ሰው ሲታመም ጠያቂው ከሐኪሙ ይቀድማል። ካሴት ሲታመምም እንደዚያው መሆኑን ያወቅሁት ከኮምቦልቻ ቅርንጫፋችን የመጡት ስምንት የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ቴፖች አንነበብም ያሉ ዕለት ነው።

ቴፖቹ ክብር የለመዱ ነበሩ። እዚያ በነበረው ዩኒክስ በሚሉት ሥርዓት በሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ዓርብ ዓርብ ይቀዳሉ፣ ይፈረምባቸዋል፣ ማኅተም ያርፍባቸዋል፣ ካዝና ይገባሉ። የካዝናው ቁልፍ ውሎ የሚያድረው የመዝገብ ቤቷ እትዬ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ነው። ተቀድተው ያውቃሉ፤ ተነብበው ግን አያውቁም። የሠርግ ቪዲዮስ ማን አይቶት ያውቃል?

ማሽኑ ሲሞት ቴፖቹ በሚኒባስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ወጥተው ደሴ ገቡ። አንዱን በሊኑክስ ለሚሠራው የኛ ኮምፒውተር አጎረስነው። ሁለቴ አጓርቶ «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ብሎ ተፋው።

ለቅሶው ተጀመረ። አንዱ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አዙሮበት ነው አለ። ሌላው በኮምቦልቻ ሙቀት አሳበበ። (ይሄኛውስ ጨርሶ አልሳተም፤ ከሙቀት ወደ ብርድ የመጣ ቴፕ አንድ ቀን ቢያርፍ ደግ ነው። የኛዎቹ ግን ሳምንት ተኝተዋል።) የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ «የሞተን ማንገላታት ነውር ነው፣ እንርሳው» እያለ ከሁሉም በላይ አጠበቀ። እኔም ደገፍሁት።

እትዬ ግን ቡና አፍልተው ጡረታ የወጡትን የቴክኒክ ሰው አስጠሩ። ጋሼ እንደ ወሎ አስታራቂ፣ እንደ አበጋር ቁጭ አሉና አቦላቸውን ይዘው «ማን ጻፈው? በምን ሰፈረው?» ብለው ጠየቁ። ስምንቱም ላይ የተጻፈው «ዓርብ» ብቻ ነው።

«ይሄ አልሞተም፣ ተኳርፏል» አሉ። ፋይሎችን አንድ ላይ የሚጠቀልለው ታር የሚሉት ፕሮግራም ካልነገሩት በቀር 512 ባይት ሃያ ጊዜ ደርቦ፣ 10,240 ባይት በአንድ ጊዜ ነው ቴፕ ላይ የሚያሳርፈው። የኛ ማንበቢያ ደግሞ በ512 ብቻ እንዲቀበል ተደርጓል። ያኛው በቁና የላከውን ይሄኛው በጣሳ ካልሆነ ብሎ ነው። ጋሼ ልኩን ዜሮ አደረጉት፤ እንደመጣልህ ተቀበል ማለት ነው። ከዚያ ዲዲ በሚሉት የመቅጃ ፕሮግራም ሰፊ ዕቃ ዘርግተው የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቀዱና መዘኗት። 10,240። ቁናው ተገኘ።

ቶናው ላይ አዲስ ጠብ ተነሣ። ቴፑ ይነበባል፤ ታር ግን «ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለ። ጋሼ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና ሳቁ። አንዳንድ የድሮ ዩኒክስ ቴፕ ላይ ሲጽፍ ባይቶቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ቦታ ያለዋውጣቸዋል። «ወሎ» ያልኸው «ሎወ»፣ «ደሴ» ያልኸው «ሴደ» ሆኖ ያርፋል። ራሱ መልሶ ሲያነበው ስለሚያቃናው እዚያ ቤት ነውሩ አይታይም፤ ነውሩ የሚወጣው ጎረቤት ሲያነበው ነው። ዲዲን ስዋብ በምትባል ትእዛዝ እያገላበጠ ለታር እንዲያቀብለው አደረጉ።

በረካው ሳይቀዳ የፋይሎቹ ስም ተንዠቀዠቀ። እትዬ እልል አሉ። የመጀመሪያው ፋይል የሠራተኞች ብድር መዝገብ ነው፤ ያልከፈሉት በተራ ተደርድረዋል። አንደኛ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ። ሁለተኛ እኔ።

ሰውዬው ሲኒው ውስጥ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል አተኩሮ ያያል። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጋሼ፣ የቀሩት ሰባቱ እንኳ ተበላሽተው ይሆናል፣ አይደል?» አልኋቸው።

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አብሽር ልጄ፣ ሁሉም ይነበባሉ።»